ማሽኑ የማን አገር ሰው ነው?

አማርኛ ለብልሽት የራሱ ሰዋስው አለው። መብራት «ይሄዳል»፣ መብራት «ይመጣል»፤ ማን እንደወሰደው፣ ማን እንዳመጣው አይነገርም። ኔትወርክ «የለም»። ስልክ «ይሞታል»፣ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ «ይነሳል»። እኔ ከሁሉም የምወደው ግን የባንክ ቤቱን ነው፤ «ሲስተም የለም»። ይሄን የሰማ ሰው አይከራከርም። ዝናብ እንደያዘው መንገደኛ ወይ ጥግ ይዞ ይጠብቃል፣ ወይ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል። ሲስተም እንደ ደመና ከላይ የሚመጣ ነገር ይመስላል።

እኔ ሲስተም ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ሲስተም ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይጽፈዋል፤ ሲጽፈው ደግሞ ሳያስበው የራሱን ኑሮ አብሮ ይጽፍበታል። ቀን መቼ እንደሚጀምር፣ ሰው ስንት ስም እንዳለው፣ ዓመት ስንት ወር እንደሆነ። ከዚያ ያ ነገር ተጠቅልሎ እኛ ጋ ይመጣል።

ተወልጄ ያደግሁት አማን ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሚዛን ተፈሪ ጋር ተዳብላ ሚዛን አማን የምትባለዋ ከተማ። ምህንድስና ተማርኩ፣ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ሠራሁ፣ አሁን ተመልሼ ከቤት ሆኜ ኮድ እጽፋለሁ። «ከቤት» ስል አብዛኛውን ጊዜ የአክስቴን ልጅ ሞባይል ጥገና ቤት ማለቴ ነው። እሱ ጋ ሶላር ስላለ መብራት ሲሄድ ሥራዬ አብሮ አይሄድም። እሱ የቻርጀር ሶኬት ይቀይራል፣ እኔ ጥግ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ እሠራለሁ፣ ጆሮዬ ግን ደንበኞቹ ጋ ነው። እዚያ ተቀምጬ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ማሽን ተበላሸ ሲባል ብዙ ጊዜ ማሽኑ ደህና ነው። ሰውየውም ደህና ነው። ያልተስማሙት የሁለት አገር ልማዶች ናቸው።

አምና አንድ አዛውንት መጡ። ዋትሳፕ እምቢ ብሏቸዋል።

«ልጄ ያለችው ቤይሩት ነው» አሉ። «እሁድ እሁድ ትደውልልኝ ነበር። ሁለት እሁድ አለፈ።»

የአክስቴ ልጅ ስልኩን አልፈታም። መጀመሪያ ቀኑን አየ። 2017 ይላል።

«አባባ፣ ቀኑን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ። ተሳስቶ ባገኘው አስተካከልኩት። ዘንድሮ 2017 አይደለም እንዴ?»

ነው። ሰውየው ልክ ናቸው። ግን ኢንተርኔት ላይ ያለ አገልግሎት ሁሉ ማንነቱን የሚያሳይበት ዲጂታል የምስክር ወረቀት አለው፤ ወረቀቱ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ተጽፏል። በፈረንጆቹ 2025 የተሰጠ ወረቀት፣ ራሱን 2017 ላይ ያስቀመጠ ስልክ ሲያየው ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ነው የሚመስለው። ስልኩ ይጠረጥራል፣ በሩን ይዘጋል። ቤይሩት ያለችው ልጅም ከበሩ ውጭ ትቀራለች።

የአክስቴ ልጅ ይሄን ሁሉ አላብራራም። «አባባ፣ እርስዎ ልክ ነዎት» አለ። «ስልኩ ግን በፈረንጅ ቀን ካልኖረ ከባሕር ማዶ አያገናኝዎትም። እሱን በራሱ እንተወውና የእኛን ቀን ፊት ለፊት እንዲያሳይዎት አደርገዋለሁ።» የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ ጭኖ ስክሪኑ ላይ በትልቁ አወጣላቸው።

አዛውንቱ ስልኩን ተቀብለው ትንሽ አዩት። «እንግዲያው አስተርጓሚ ነው የሚፈልገው በለኛ» አሉና ከፍለው ሄዱ።

ስለ ሥራዬ እንደዚህ አሳጥሮ የነገረኝ መምህር የለም።

የሚገርመው ነገር ማሽኑ በውስጡ የፈረንጅም የኢትዮጵያም ቀን አለመቁጠሩ ነው። አብዛኞቹ ሲስተሞች የሚያውቁት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት በግሪንዊች ጀምሮ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ። ያ ቅጽበት በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርጉም ነው። ቁጥሩን ወደ ጃንዋሪ መተርጎም እንደሚቻል ሁሉ ወደ ጥርም ይቻላል። ዛሬ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው በጃቫስክሪፕት አንድ መስመር ጽፎ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማውጣት ይችላል። ጳጉሜን ጭምር ያውቃታል። መሣሪያው አለ። የሚጎድለው «እዚያ ወዲያ ያለው ሰው ቀኑን እንዴት ይቆጥራል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ያ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍል ሰው አለ። እናቴ ስኳር አለባት። አንድ ቀን ከአንድ የጤና ተቋም በስልኳ መልእክት መጣላት፤ ሐሙስ 9:00 ለደም ምርመራ ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ ይላል። መልእክቱ በአማርኛ ነው። ሰዓቱ ግን አማርኛ አልነበረም።

እናቴ 9 ሰዓትን 9 ሰዓት ብላ አነበበችው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ሴት ስለሆነች ምንም አልከበዳትም፣ ምንም አላጠራጠራትም። ጠዋት ሳትበላ ዋለች። መድኃኒቷን ግን ወሰደች። ከሰዓት በኋላ ስትደርስ «እማማ፣ ቀጠሮዎት እኮ ጠዋት ነበር፤ አሁን ናሙና አንቀበልም» ተባለች። ወደ ቤት ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። የባጃጁ ልጅ አቁሞ ለስላሳ ገዝቶ አጠጣት። እኔ በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ ነበርኩ። ማታ ስደውል በሳቅ ነው የነገረችኝ። «ሰዓቱን ተሳስቼ ነው እኮ» አለች።

ያችን «ተሳስቼ» አልረሳትም። እናቴ ስድሳ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት ብላ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ብላ ቆጥራለች። አልተሳሳተችም። መልእክቱን የሚልከው ፕሮግራም ከሰዓቱ ላይ ስድስት ቀንሶ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር። አንድ መስመር ኮድ ነው። ያቺ መስመር ባለመጻፏ ሸክሙ እናቴ ላይ ወደቀ፤ እሷ ደግሞ ሸክሙን አንሥታ «የኔ ጥፋት ነው» አለች። «ሲስተም የለም» ሲባል ዝም ብለን የምንወጣውም ለዚሁ ይመስለኛል። ማሽኑ አይሳሳትም ብለን ስለምናስብ፣ አንድ ነገር ሲጣረስ እጃችንን ወደ ራሳችን እንቀስራለን።

የስም ጉዳይ ደግሞ ያስቃል። ለውጭ አገር ደንበኞች ስሠራ ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይለኛል። የቤተሰብ ስም የለኝም፤ የአባቴን ስም ነው የምሞላው። ከዚያ በየሳምንቱ «ውድ አቶ» ብለው በአባቴ ስም ኢሜይል ይጽፋሉ፣ ለኮዱም ያመሰግኑታል። አባቴ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። ሳቁ የሚያልቀው ለእናቴ ገንዘብ ስልክ ነው። ሲስተሙ ላኪና ተቀባይ የቤተሰብ ስማቸው አይመሳሰልም ብሎ ዝምድናችንን ይጠይቀኛል። የእሷ ሁለተኛ ስም የአባቷ፣ የእኔ የአባቴ ነው፤ እንዴት ይመሳሰል?

ይሄ ግን የማይፈታ እርግማን አይደለም። ፊደላችንን እዩ። ድሮ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ፊደላቱን በላቲን ፊደላት ቦታ በራሱ መንገድ ይደረድር ነበር። አንድ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ቢሮ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ ፎንቱን በፍላሽ ይዞ መዞር ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም የግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ አገኘ። ለ«ሀ» የተሰጠው ቁጥር አዲስ አበባም፣ አማንም፣ ቶኪዮም ያው አንድ ነው። አሁን ይሄን ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ የምታነቡት ሰዎች ተቀምጠው ያንን አሰልቺ ሥራ ስለሠሩት ነው።

ሁሉም ግን እኩል አልደረሰውም። በእኛ አካባቢ የሚነገረው ቤንችኛ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃል ትርጉም ይለያል፤ የቋንቋ አጥኚዎች አምስት ወጥ የድምፅ እርከን ቆጥረውለታል። ይሄን በስልክ ኪቦርድ ማን ይጽፈዋል? ሰዉ መፍትሔውን ራሱ አገኘ፤ ቮይስ ይልካል። ገበያ ቀን ከተማው መሐል ብትቆሙ ስልኩን አፉ ጋ አስጠግቶ የሚያወራ፣ ከዚያ ጆሮው ጋ ወስዶ የሚያዳምጥ ሰው ብዙ ነው። የከተማ ልጅ «መጻፍ ስለማይችል ነው» ይላል። እኔ ማሽኑ መጻፍ ስላልቻለለት ነው እላለሁ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ቡናው ጋ ደርሷል። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ ያልበቀለ መሆን አለበት። ለማረጋገጫም ማሳው በመሬት ላይ ያለበት ነጥብ ይጠየቃል። ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው፣ ካልሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ምዝገባው ግን ደጃችን ገብቷል። ዓላማው ደን ማዳን ነው፣ ደኑም የእኛ ነው፤ አልቃወምም።

ለአንድ የገበሬዎች ማህበር የመመዝገቢያ መተግበሪያ ስሠራ ማሳ ለማሳ ዞርኩ። ደንቡ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ይፈልጋል፤ ስድስተኛው አሃዝ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የስልክ ጂፒኤስ ሜዳ ላይ እንኳ በጥቂት ሜትር ይስታል። የእኛ ቡና ደግሞ የሚበቅለው ትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ቅጠሉ ምልክቱን ይጋርደዋል፣ ነጥቡ እየተንቀዠቀዠ ከወንዙ ማዶ ይሄድና ይመለሳል። ገበሬው ጎኔ ቆሞ «ከዋንዛው እስከ ወንዙ ነው» ይለኛል። የእሱ ወሰን አይንቀጠቀጥም።

ቅጹ የልደት ቀንም ይላል፣ በግድ። አንድ አባት «መሬት ላራሹ በታወጀ ዓመት» አሉኝ። ይሄ ለእኔ ግልጽ መልስ ነው፤ 1967 ዓ.ም.። ለቅጹ ግን ስህተት ነው፣ በቀይ ይጽፋል። ስለዚህ መተግበሪያውን ስሠራ ሰው ዓመቱን በሚያስታውሰው ነገር እንዲናገር፣ ሰዓቱን በእኛ እንዲሞላ፣ ስሙን ከነአባትና ከነአያቱ እንዲያስገባ አደረግሁ። አውሮፓ የሚፈልገውን ቅርጽ ማውጣት የማሽኑ ሥራ ነው። እሱ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ይተረጉማል፣ አይደክመውም። አንድ ሰው መተርጎም ካለበት፣ ጠዋት ሳትበላ የወጣችው እናት ለምን ትሆናለች?

ይሄን የምጽፈው ገና ኮድ መማር ለጀመራችሁ ነው። ስክሪን ላይ በቀይ «ስህተት» የሚለውን ቃል ስትጽፉ አንድ ጊዜ ቆም በሉ። ያ ቃል አንድ ሰው ላይ ያርፋል፤ ሰውየውም አምኖ ይቀበላል።

ማሽኖቹም ቢሆኑ ከመሳሳት አልዳኑም። ቅድም ያልኩት የሰከንድ ቁጥር አሮጌ ማሽኖች ላይ የሚቀመጠው 32 ቢት በሆነ ቦታ ነው፤ ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። ብዙዎቹ አዳዲስ ሲስተሞች ወደ 64 ቢት ተሻግረዋል፣ ያልተሻገሩም በየጓዳው አሉ። ቦታው የሚሞላበትን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ስቀይረው ብቻዬን ሳቅሁ። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ዕለት፣ ገና ሊነጋጋ ሲል።

ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ውኃው ዳር ትቆማለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ያልታደሱት ማሽኖች ደግሞ አንዲት ሰከንድ ስትጨመርባቸው ወደ ኋላ ተገልብጠው ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ይላሉ፤ ምኒልክ ዙፋን ላይ፣ ከዐድዋ ድል ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ። አንዱ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ግራ ይጋባና «እማማ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷ ወደ ሰማዩ ቀና ብላ «አሥራ ሁለት ከሩብ» ትለዋለች። የተሳሳተው ማን እንደሆነ የዚያን ቀን አያከራክርም።