የግልባጭ ዘር ማንዘር

በዲጂታል ፎረንሲክ ሶፍትዌር መመሪያ ውስጥ ማንም የማያነበው አንድ ገጽ አለ። «የሚከፈቱ ፎርማቶች» ይልና ከሥሩ ሦስት ሦስት ሆሄ ያላቸውን የፋይል ቅጥያዎች ይደረድራል። ሌላው ሰው ዘሎት ያልፋል፤ እኔ ግን እንደ ዘር ቆጠራ አነበዋለሁ። ማን ማንን እንደወለደ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማንስ ያለ ወራሽ እንደቀረ እዚያው ላይ ነው ያለው።

መርማሪ የተያዘ ኮምፒዩተር አብርቶ አይጎረጉርም። ማብራቱ ብቻ ብዙ ፋይል ይለውጣል፤ የተከሳሽ ጠበቃም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ እንዳይጻፍበት በሚከለክል መሣሪያ በኩል ይገናኝና ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው ይገለበጣል። ባዶ የተባለው ቦታም፣ ባለቤቱ አጠፋሁት ብሎ የተገላገለው ደብዳቤም አብሮ ይገለበጣል። ባለሙያዎቹ ይህን ግልባጭ ኢሜጅ ይሉታል።

የቤቱ አያት ዲዲ ነው። በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከቤል ላብራቶሪዎች በወጣው አምስተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ ብቅ ያለ ትእዛዝ ነው። እኛ ንጉሥ በምናወርድበት ዓመት እነሱ ቴፕ ይገለብጡ ነበር ማለት ነው። ስሙን ከአይቢኤም ትልልቅ ኮምፒዩተሮች የሥራ ማዘዣ ቋንቋ ወሰደ፤ አነጋገሩንም ጭምር። የቀሩት የዩኒክስ ትእዛዞች በሰረዝ ሲግባቡ እሱ በእኩል ይሆናል ምልክት፣ ምንጩ ይህ ነው፣ መድረሻው ያ ነው እያለ የባዕድ አገር ሰው ሆኖ ቀረ። ሥራው በአይቢኤም የሆሄ ኮድ፣ በኤብሲዲክ፣ የተጻፈውን አስኪ ወደተባለው ኮድ መመለስ፣ የቴፑን ብሎክ መጠን ማስተካከል ነበር። ስለ ወንጀል ያሰበ አልነበረም። ነገር ግን ፋይል ይሁን አይሁን ደንታ የለውም፤ የሰጡትን ባይት እንዳለ ያሳልፋል። መርማሪ የሚፈልገውም እንዲህ ያለ ግዴለሽ ነበር። ክፋቱ፣ ምንጩንና መድረሻውን አቀያይሮ ለጻፈ ሰው አንዲት ጥያቄ አያቀርብም፤ ባዶውን ዲስክ በማስረጃው ላይ ገልብጦ ሥራዬን ጨረስኩ ይላል። «ዲስክ አውዳሚ» የሚል ቅጽል ያወጡለት በከንቱ አይደለም።

የዲዲ ልጅ ጥሬው ኢሜጅ ነው። ታማኝ ነው፤ ግን ግዙፍም ዲዳም ነው። አንድ ቴራባይት ዲስክ ሩቡ ብቻ ቢሞላም ግልባጩ ሙሉ አንድ ቴራባይት ይሆናል። ማን ገለበጠህ፣ መቼ፣ በየትኛው መዝገብ ቢሉት መልስ የለውም።

ይህን ጉድለት አይቶ የተወለደው ኢ01 ነው። ሥሩ ኤኤስአር ዳታ የተባለው ድርጅት «ኤክስፐርት ዊትነስ» ብሎ ባወጣው ሶፍትዌር ነው፤ ዝና ያገኘው ግን በ1997 የተመሠረተው ጋይዳንስ ሶፍትዌር ኤንኬዝ የተባለውን የምርመራ ሶፍትዌር ካወጣ በኋላ ነው። የሠሩት ሰዎች ፍርድ ቤትን እንደሚያውቁ ያስታውቃል። ግልባጩን በ64 ሴክተር፣ ማለትም በ32 ኪሎባይት ይቆራርጠዋል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ያምቅና ማረጋገጫ ቁጥር ያስከትልበታል። በመግቢያው የመዝገብ ቁጥር፣ የመርማሪው ስም፣ ቀኑ ይሰፍራል፤ በመጨረሻው ኤምዲ5 የተባለው የመላው ዲስክ ሃሽ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላ የአሻራ ቁጥር፣ ይቀመጣል። ኢሜጁ ትልቅ ከሆነ ይከፋፈላል፤ ከኢ01 እስከ ኢ99 ይሄድና ቁጥሩ ሲያልቅበት ወደ ኢኤኤ ይሻገራል። ይህቺን ዘዴ በጣም እወዳታለሁ፤ የቢሮ ጸሐፊ ያሰባት ትመስላለች። ኤምዲ5 ራሱ በ2004 ቻይናዊቷ ሺያውዩን ዋንግና ባልደረቦቿ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ሃሽ እንዲሰጡ ካደረጉ ወዲህ ብቻውን አይታመንም፤ ሻ የተባሉት ዘመዶቹ አብረውት ይቆማሉ።

ችግሩ ኢ01 ባለቤት ያለው መሆኑ ነበር። ሌሎች ሶፍትዌሮች ሊከፍቱት ሲፈልጉ፣ ዮአኪም ሜትዝ በከፊል ከታተመ ገለጻ፣ በከፊል ፋይሎቹን ባይት በባይት በመበርበር ሊብኢደብልዩኤፍ የተባለውን ነጻ ላይብረሪ ሠራ። ዛሬ ኦቶፕሲ የተባለው የምርመራ ሶፍትዌር የኤንኬዝን ግልባጭ የሚከፍተው በዚሁ ነው።

አንጀቴን የሚበላኝ ግን የኤኤፍኤፍ ታሪክ ነው። ሲምሰን ጋርፊንክል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች እየገዛ ይመረምር ነበር። በ2003 ከአቢ ሼላት ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ከገዟቸው 158 ዲስኮች የሚሠሩት 129 ነበሩ፤ ከእነዚህ በአግባቡ ተጠርገው የተገኙት 12 ብቻ ናቸው። ይህን ሁሉ የሚገለብጥ ሰው ቦታ ማጣቱ አይቀርም። በ2006 ከባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው ኤኤፍኤፍ የሚታመቅ፣ የተጨማሪ መረጃ ቦታ ያለው፣ ባለቤት የሌለው ፎርማት ነበር። በ2009 ኤኤፍኤፍ4 የተባለ ተተኪም ወጣለት። መርማሪዎቹ ግን ዛሬም የሚለዋወጡት በብዛት ኢ01 ነው። የተሻለው አላሸነፈም፤ ቀድሞ ችሎት የገባው አሸነፈ።

ኢሜጁን መክፈት ደግሞ ግማሽ መንገድ ነው፤ ውስጡ ያለው ፋይልም መነበብ አለበት። በካንሳስ ዊቺታ ከተማ አካባቢ አሥር ሰው የገደለው ዴኒስ ሬደር በ2005 ለቴሌቪዥን ጣቢያ ፍሎፒ ላከ። ፖሊስ ከፍሎፒው ላይ የተሰረዘ የዎርድ ሰነድ አገኘ፤ በሰነዱ የተደበቀ መረጃ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ ስምና «ዴኒስ» የሚል ተጽፎ ነበር። በዚያው ወር ተያዘ።

ሰነዱ በአማርኛ ቢሆን ኖሮስ? ከዘጠናዎቹ የቀሩኝን ፍሎፒዎች ገልብጬ ሞክሬዋለሁ። ኢሜጁ ወዲያው ተከፈተ፤ የሰረዝኩት ደብዳቤ እንኳ ተነሥቶ መጣ። የመጣው ግን የላቲን ሆሄና የሥርዓተ ነጥብ ቅልቅል ሆኖ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ሆሄያቱን በላቲን ቦታዎች ላይ እንዳሻው ይደለድል ነበር፤ የ«ለ»ን ቦታ አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ። ስለዚህ በመፈለጊያው «ገንዘብ» ብሎ የሚጽፍ መርማሪ፣ ገንዘብ የሞላበት ዲስክ ላይ ምንም የለም ተብሎ ይመለሳል። በዩኒኮድ በተጻፈውም ቢሆን «ሠራተኛ»ን የፈለገ «ሰራተኛ»ን ያጣል።

እንግዲህ እቤታችሁ ፍሎፒ ያላችሁ፣ መግነጢሱ ሳይደክም በዩኤስቢ የሚሰካ አንባቢ ፈልጋችሁ ዛሬውኑ ገልብጡ። ጥሬ ኢሜጅ አድርጉት፤ ባለቤት ስለሌለው የሚከፍተው አይጠፋም። ሃሹን ጻፉበት። ደብዳቤው የተጻፈበትን ሶፍትዌር ስምና የፎንቱን ፋይል ግን አብራችሁ ማስቀመጥ እንዳትረሱ፤ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚያነብላችሁ ፎረንሲክ ሶፍትዌር እኔ እስካሁን አላገኘሁም።