«ዜሮህ የት ነው?»

ይቺ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ኔትወርክ ደህና ሲሆን ቁጭ ብላችሁ አንብቧት። በተለይ ጎርጎራ ያስተማርኳችሁና አሁን በየዩኒቨርሲቲው የተበተናችሁ ልጆች፣ መጨረሻ ላይ የምለምናችሁ ነገር ስላለኝ ላይክ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታልፉኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ጂኦግራፊ ሁለተኛ ዲግሪውን እየሠራ ነው። «ቲቸር፣ የጂኦግራፊ ባለሙያዎች ማኅበር አባል ሁን እያሉኝ ነው። መዋጮ አለው። ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። ሳላስብ «ሁን!» አልኩት። «ለምን?» ሲለኝ ግን ተንተባተብኩ። ከዚያ ካርዴ አለቀ (እውነቴን ነው፣ ሰበብ አይደለም)። መልሱን እዚህ ልጻፍለት፤ ለሌሎቻችሁም ይሆናል።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ሰኔ 1995 ላይ የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጣና ሸሸ። ውሃ የነበረበት ቦታ ላይ በእግራችን ሄድን፣ መርከቡም ቆመ። ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምክንያት ይሰጡ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ጭቃው ውስጥ ዓሳ እንፈልግ ነበር። ምክንያቱን ያወቅኩት መምህር ከሆንኩ በኋላ፣ ሰው የላከልኝን ጥናት ሳነብ ነው። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1784.75 ሜትር በታች ሲወርድ መርከብ መጓዝ አይችልም። ያን ዓመት ዝናቡ አንሶ ነበር፤ በላዩ ላይ በጨረጨራ በኩል ለመብራት ኃይል የሚለቀቀው ውሃ ተጨመረበት። እኔ በእግሬ የረገጥኩትን ነገር አንድ ሰው በሴንቲሜትር ለክቶ፣ ጽፎ፣ ሌላ ሰው አርሞለት አትሞታል። ያ ነገር ገረመኝ።

እናም በ2011 የትምህርት ቤታችንን የጂኦግራፊ ክበብ ልጆች ይዤ ወደቡ ላይ አንድ የባሕር ዛፍ እንጨት ተከልን። በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ነጭና ቀይ ቀባነው። ሁልጊዜ ሐሙስ አንድ ልጅ እየሄደ ያነባል፣ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ላይ ይጽፋል። በቃ ይኸው ነው፣ ሌላ መሣሪያ የለም። ውሃው ሰኔ ላይ ዝቅ ብሎ፣ ክረምቱን ሞልቶ፣ መስከረም ላይ ጫፍ ሲደርስ ልጆቹ በገዛ ቁጥራቸው አዩት። መጽሐፍ ላይ ካለው ይልቅ ያን አመኑ።

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ «በቃ ተቋረጠ» ብዬ ነበር። አልተቋረጠም። ቤቱ ወደቡ አጠገብ የሆነ፣ አባቱ በደንገል ታንኳ ዓሳ የሚያጠምድ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ማንም ሳያዘው አንድም ሐሙስ ሳያሳልፍ ሲያነብ ከረመ። ሐምሌ ላይ መንገድ አግኝቶኝ «ቲቸር፣ እንጨቱን የጀልባ ገመድ ጎትቶ ጣለው፣ መልሼ አቆምኩት» አለኝ። «ጎበዝ!» አልኩት። ትዝ የሚለኝ ይሄ ብቻ ነው፤ ጎበዝ አልኩና አለፍኩ።

በ2014 ባሕር ዳር ላይ ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ የጂኦግራፊ ምሁራን ስብሰባ እንዳለ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነገረኝ። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። (ባሕር ዳር ከእኛ ትይዩ ናት፣ ውሃው ብቻ ነው ያለው በመካከላችን። በመኪና ግን በቆላድባ ወደ ሰሜን ወጥተህ፣ አዘዞ ላይ ዞረህ፣ ሐይቁን በምሥራቅ በኩል መክበብ ነው። ጂኦግራፊ እንዲህ ነው የሚያለፋህ።) ሻይ ሰዓት ላይ በእጄ የሠራሁትን ግራፍ ለአንድ ዶክተር አሳየሁ። ግራፉ ከ2013 ጀምሮ ሐይቁ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱን ያሳያል። እኔም ምክንያቱን አዘጋጅቼ ነበር፤ መስኖው፣ ደለሉ፣ እምቦጩ... ለተማሪዎቼም እንዲሁ አስተምሬያለሁ።

ዶክተሩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «መምህር፣ ዜሮህ የት ነው?» አሉኝ።

«እንጨቱ ላይ።»

«እንጨቱስ የት ነው?»

ልጁ ትዝ አለኝ። ያ እንጨት ወድቆ ነበር። ልጁ መልሶ ሲተክለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው የተከለው። ሐይቁ አልወረደም፤ ዜሮው ነው የወጣው። ይባስ ብሎ በዚያው በ2012 ክረምት ጎርፉ ፎገራንም ደንቢያንም አጥለቅልቆ ሰው አፈናቅሏል። ጎርፉን በዓይኔ እያየሁ ደብተሬ ላይ «ውሃው ቀነሰ» ብዬ የጻፍኩ ሰው ነኝ እንግዲህ! እንዳልሰማ ብሆንና መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰውየው ግን አልሳቁብኝም። ወረቀት አወጡና ሣሉልኝ። የወደቡ ኮንክሪት ላይ ሚስማር ምታ፣ ሁልጊዜ ከሚስማሩ ወደ ታች ለካ። ሚስማሩ ቢጠፋ ሌላ ምልክት ከፍ ብሎ አለት ላይ ይኑርህ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ጽፈህ አስቀምጥ። ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት አንብብ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ውሃውን ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል። ያነበበውን ሰው ስም ጻፍ። 20 ደቂቃ አልፈጀም። ሰባት ዓመት ሙሉ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚያየው የትምህርት ዕቅዴን ነው፤ ዜሮዬ የት እንዳለ የጠየቀኝ ማንም አልነበረም።

ተማሪዬ «ማኅበር ምን ያደርግልኛል?» ሲለኝ ልለው የፈለግኩት ይሄን ነው። ዜሮህን የሚጠይቅህ ሰው ያገናኝሃል።

መምህራን ማኅበርማ አለን። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ የእሱ ጉዳይ የመምህሩ ኑሮና መብት ነው፣ ደመወዝ ነው፣ ዝውውር ነው። የሙያ ማኅበር ሌላ ነው። ጉዳዩ ዕውቀቱ ራሱ ነው። መጽሔት ያትማል፣ ሰው ያገናኛል፣ የጻፍከውን ያስነብባል፣ ትክክል ካልሆነም ይመልስልሃል።

ይሄ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ አትሂዱ። እዚሁ ጎርጎራ፣ የአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍራሽ ድረስ ሂዱ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የስፔን ኢየሱሳዊ እዚህ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1622 እዚሁ ጎርጎራ ሞተ። በ1618 ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዶ ምንጩን አይቶ ጽፏል። (የሰከላ ሰው ምንጩን መቼ አጥቶት ያውቃል? ግን እሱ ሌላ ወሬ ነው።) የጻፈው መጽሐፍ ሙሉው ታትሞ የወጣው በ1905 አካባቢ ነው። ወደ ሦስት መቶ ዓመት! በመካከሉ ጄምስ ብሩስ በ1770 መጥቶ ቀዳሚው እኔ ነኝ አለ፣ የፓኤዝንም ጉብኝት አላምንም ብሎ ጻፈ። ሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመረምር የሙያ ጉባኤ በዚያ ዘመን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መጣ። የለንደኑ ሮያል ጂኦግራፊካል ሶሳይቲ በ1830 ተመሠረተ። ዳንግላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ ቺዝማን በ1920ዎቹ የዓባይንና የጣናን ዳርቻ እየዞረ ሲያጠና፣ ሥራው የማኅበሩ መጽሔት ላይ ወጥቶ ካርታ ሠሪዎች ተጠቀሙበት። ያው የቅኝ ገዥዎች ዘመን ነው፤ ማን ለማን ካርታ ይሠራ እንደነበር አልጠፋኝም። ግን የአሠራሩን ጥቅም ተመልከቱ። አንድ ሰው ገጠር ተቀምጦ ይለካል፣ የሚቀበለውና የሚያርመው አካል አለ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ እኔ አነበዋለሁ።

እኛም ሞክረናል። እ.ኤ.አ. በ1963 በንጉሡ ዘመን የካርታና ጂኦግራፊ ተቋሙ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መጽሔት በእንግሊዝኛ ማሳተም ጀምሮ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የዚያው ትውልድ ናቸው፤ የኢትዮጵያን ጂኦግራፊ መግቢያ በ1972 አሳተሙ። በኋላም ከ1958 እስከ 1977 የነበረውን ረሃብ በየአውራጃው ተከታትለው፣ ረሃብ የዝናብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ገበሬው ድርቁ ሳይመጣ በፊት ተራቁቶ እንደሚጠብቀው ጻፉ። ጂኦግራፊ የወንዝና የተራራ ስም መሸምደድ ነው ለምትሉኝ ልጆች ሁልጊዜ የምጠቅሰው እሳቸውን ነው።

የዩኒቨርሲቲ መምህራን ጓደኞቼ ስለ ሙያ ማኅበር ሳነሳ ይስቁብኛል። «ስብሰባ፣ ሻይ፣ የቡድን ፎቶ» ይላሉ። አንዳንዱ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን እነሱው ናቸው ለዕድገት ጽሑፍ ሲጠየቁ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ያገኘውን ሁሉ ለሚያትም የውጭ መጽሔት በዶላር የሚከፍሉት። እዚያ ያለው አራሚ፣ አራሚ ካለ፣ የጎርጎራ ወደብ ላይ ምን እንዳለ በምን ያውቃል? የደንቢያን ዋልካ አፈር ክረምት ላይ ረግጦ የሚያውቅ ሰው ጽሑፍህን ሲያነብና የማያውቅ ሰው ሲያነብ አንድ አይደለም። ወጣቱ ምሁር ብቻውን ሲሆን የሚያየው ነጥብ መቁጠሩን ብቻ ነው።

ቅሬታዬንም ልናገር፤ ካልተናገርኩ ታመምኩ ማለት ነው። ከባሕር ዳር እንደተመለስኩ ለአንድ የሙያ ማኅበር የአባልነት ቅጽ ሞላሁ። ስሙን አልጠራም። «ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ» ይላል። እኔ ዲፕሎማ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ የማስተምረውም በመምህር እጥረት ተመድቤ ነው፤ ይህን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቅጹ ተመለሰልኝ። ሦስት ቀን ከሰው ጋር አላወራሁም።

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1893 ኦክስፎርድ ላይ የተቋቋመ የጂኦግራፊ ማኅበር አለ፤ እስካሁንም ይሠራል። ሲጀመር ከመሥራቾቹ የሚበዙት የትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ። መነሻቸውም ትልቅ ነገር አልነበረም፤ በፋኖስ ብርሃን ግድግዳ ላይ የሚታዩ የመስታወት ሥዕሎችን ለየክፍላቸው መዋዋስ። ይሄን ያነበብኩ ዕለት ቅጹ ትንሽ ቀለለኝ። ምሁሩን መደገፍ ማለት ከሥር ያለውን መለኪያ ያዥ ማባረር አይደለም። አንድ ዶክተር የጣናን ዳር ሁሉ በየሳምንቱ ሄዶ ሊያነብ አይችልም። እኔ ደግሞ ያለ እሱ ጥያቄ 30 ሴንቲ ሜትር ውሸት አስተምራለሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ አባል ሁን። መዋጮህን ክፈል። ስብሰባው ላይ ሻይ ብቻ ከሆነ፣ አንተ ግራፍ ይዘህ ግባ። ድምፅ ስትሰጥም ለእኛ ለዲፕሎሞቹ አንዲት በር እንዲከፍቱ ተናገርልን፤ ተባባሪ አባል ይበሉን፣ ታዛቢ ይበሉን፣ ስሙ ግድ የለኝም። ሌሎቻችሁ ደግሞ ስለ ጣና የተጻፈ ነገር ስታገኙ በቴሌግራም ላኩልኝ፤ ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ስጡልኝ።

የቀድሞውን ደብተር አልጣልኩትም። ሐምሌ 2012 ላይ በቀይ መስመር አስምሬ «ዜሮ ተንቀሳቅሷል» ብዬ ጽፌበታለሁ። አዲሱ ከሚስማሩ ጀምሮ ነው። ትምህርት የተቋረጠባቸው፣ መንገድ የተዘጋባቸው ሳምንታት ባዶ ናቸው፤ ባዶውን በግምት አልሞላሁትም፣ ዶክተሩም እንዳትሞላ ብለውኛል። ያ እንጨቱን ያቆመው ልጅ አሁን ሰርቬይንግ ይማራል፤ ታሪኩን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ያለፈው ሐሙስ ያነበበችው የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ፣ ነፋስ የለም፣ ከሚስማሩ በታች 1 ሜትር ከ12። ስሟን ራሷ ጽፋዋለች።