ለእህቴ ብዬ ያስገባሁት ኢንተርኔት

ሮቤ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለው ቤታችን፣ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የለበሰ ነጭ ራውተር አለ። አልተበላሸም፤ ይሠራል። ግን ማንም አይነካውም። የምጽፍላችሁ ስለ እሱ ነው። ምናልባት ከእናንተ መካከል በዚህ ወር ለቤቱ ኢንተርኔት ሊያስገባ ያሰበ ይኖር ይሆናል። ካለ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የእኔን ጥፋት ይስማ።

እህቴ ከመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ዓመት ሊሞላት ነበር። ማታ ማታ በስልኳ ትምህርት ትከታተላለች፤ የሥራ ማስታወቂያ ባየች ቁጥር ታመለክታለች። ጥቅሉ ሲያልቅባት ትምህርቱን ከመሐል አቋርጣ ትተኛለች። እማዬ ይህን ስታይ ከርማ፣ ከቦና አዝመራ ስንዴ ሽያጭ ያስቀመጠችውን ብር አውጥታ ሰጠችኝ። «አንተ ይህን ነገር ታውቃለህ፤ ለእህትህ የሚሆነውን አስገባ» አለችኝ።

ልብ በሉ፣ «ለእህትህ የሚሆነውን» ነው ያለችው።

መምረጥ ለእኛ አዲስ ነገር ነው። ስልክ ወደ አገራችን ከገባ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኢንተርኔትም በ1989 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ፣ ለረጅም ዘመን የምናውቀው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። አባቶቻችን ያመለክታሉ፣ ይጠብቃሉ፤ አይመርጡም። ሳፋሪኮም በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር፣ ኢትዮ ቴሌኮም ተወዳዳሪ አገኘ። ከዚያ ወዲህ የወጣቱ ወሬ «የትኛው ይሻላል?» ሆነ። እኔም ጥያቄው ይህ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ዓይነት ጥቅል ቀረበልኝ። አንዱ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ፣ ግን ያልተገደበ ነው፤ ወሩን ሙሉ ብትጠቀሙበት አያልቅም። ሌላው በጣም ፈጣን፣ ግን በ100 ጊጋባይት የተገደበ ነው። ሻጩ «ለምንድን ነው የምትፈልገው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለእህቴ ትምህርት» አልኩት። በልቤ ግን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በጥራት ሲታይ ይታየኝ ነበር። ፈጣኑን ወሰድኩ።

እስቲ አብራችሁኝ አስሉ። ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ሊበላ ይችላል። ስለዚህ 100 ጊጋባይት ማለት 33 ሰዓት ያህል ነው፤ ለአንድ ወር ሲካፈል በቀን አንድ ሰዓት ገደማ። እኔ በአንድ ቅዳሜ ብቻ ሁለት ጨዋታ አያለሁ። ይህን ሒሳብ ሱቁ ውስጥ መሥራት አያቅተኝም ነበር፤ መሥራት ስላልፈለግኩ ነው።

በሁለተኛው ወር እህቴ አዲስ አበባ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በቪዲዮ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ማታ ጥቅሉ ሊያልቅ ጥቂት እንደቀረው የሚገልጽ መልእክት በስልኬ ደረሰኝ። አነበብኩት፤ አጠፋሁት። ቅዳሜ ኳስ አየሁ። እሑድም አየሁ። «ለሰኞ ይተርፋል» ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሰኞ ጠዋት እህቴ የእማዬን ነጠላ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ተቀመጠች። ሁለት ጥያቄ መለሰች። በሦስተኛው ላይ ምስሉ ቆመ። ተሯሩጬ ጥቅል ገዝቼ መስመሩ እስኪመለስ ድረስ ጠያቂዎቹ ወደ ቀጣዩ ሰው አልፈዋል። ደግመው አልጠሯትም።

እህቴ አልጮኸችብኝም። «ሊያልቅ ነው የሚል መልእክት አልደረሰህም ነበር?» አለችኝ። «ሐሙስ ደርሶኛል» አልኳት። ነጠላውን ከግድግዳው አውርዳ አጥፋ አስቀመጠችና ወጣች። እማዬ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ያን ቀን ምሳ ላይ ማንም አልተናገረም።

ኩባንያውን ልወቅስ ፈልጌ ነበር። ግን የሸጠልኝን በትክክል ሰጥቶኛል። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ገና ሱቁ ውስጥ።

ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ልንመርጥ ተቀመጥን። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን የያዘችው እህቴ ናት። «በመጀመሪያ ማን ለምን እንደሚፈልገው እንጻፍ» አለች። እማዬ ውጭ አገር ካለው ወንድሟ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን በኢሞ ማውራት ትፈልጋለች። እህቴ ትምህርትና ቃለ መጠይቅ። የእኔ ተራ ሲደርስ «ኳስ» አልኩ። እማዬ ሳቀች። እውነቱን ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተማርነውን ባጭሩ ላካፍላችሁ። ለጥሩ የቪዲዮ ንግግር ከ2 እስከ 4 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይበቃል። ነገር ግን የእናንተም ድምፅና ምስል መሄድ አለበትና፣ የማውረዱን ብቻ ሳይሆን የመላኩንም ፍጥነት ጠይቁ። ሜጋ ቢትና ሜጋ ባይትንም አታምታቱ፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው።

የሲም ካርድ ራውተር ከሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የዚያኑ ኩባንያ ሲም ካርድ ያለው ስልክ ተውሳችሁ ቤታችሁ ውስጥ ሞክሩት። ያውም በምትጠቀሙበት ክፍል፣ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፤ ምክንያቱም የአንዱን ማማ አቅም ሰፈሩ ሁሉ ይጋራዋል። የቆርቆሮ ጣራ ሲግናል ይከለክላል፤ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ይረዳል። በመስመር የሚገባ ከሆነ ደግሞ እናንተ ጋር የሚደርሰው የመዳብ ሽቦ ነው ወይስ ፋይበር ብላችሁ ጠይቁ። መዳቡ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ይዳከማል፤ ፋይበሩ በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን ስለሚልክ በከተማ ርቀት አይደክምም። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም እንደሚጠፋ አስቡና ትንሽ ባትሪ አዘጋጁ። ጥቅሉ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን፣ ሲበላሽም ማን እንደሚመጣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። አቤቱታችሁን ኩባንያው ካልሰማችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ።

እኛ ከሁሉ አስቀድመን የጠየቅነው ግን ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ያሉትን ጎረቤታችንን፣ ጋሼን ነው። መስመር ካስገቡ ሁለት ዓመታቸው ነው። «ፈጣን አይደለም፤ ግን አያሳፍረኝም» አሉን። እህቴ ይህን ቃል ወረቀቱ ላይ ጻፈችው። ያልተገደበውን፣ ከሁሉም ዝቅተኛውን ፍጥነት ወሰድን።

እህቴ በዚያ መስመር ሦስት ቃለ መጠይቅ አድርጋ አሁን ጎባ ሥራ ይዛለች። ያመለጣት የአዲስ አበባው ሥራ ግን አልተመለሰም፤ ደመወዙም አሁን ከምታገኘው ይበልጥ ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች።

ወዳጆቼ፣ «የትኛው ኩባንያ ይሻላል?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ከቤታችሁ ሰው ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ምርጫውንም ለእሱ ስጡት። በእኛ ቤት የዋይፋዩን የይለፍ ቃል የምትይዘው እህቴ ናት። ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖር «ዛሬ ትፈልጊዋለሽ?» ብዬ እጠይቃታለሁ። ብዙ ጊዜ «እይ» ትለኛለች። አንዳንዴ ደግሞ «አዎ፣ እፈልገዋለሁ» ትላለች፤ ያን ቀን ውጤቱን ከሰፈር ልጆች እሰማለሁ።