«ይበል» የማይሰማበት ደጅ

ምናባዊ ልብ ወለድ የሚባለው የድርሰት ዘርፍ «እንዲህ ቢሆንስ?» ከሚል ጥያቄ ተነሥቶ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ የሚተርክ፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድንም አስማታዊ ታሪክንም በአንድነት የሚያቅፍ ሲሆን፣ በአሜሪካ ለዚህ ዘርፍ ብቻ የቆሙ መጽሔቶች አሉ። ሥራ የሚቀርብበትም ሥርዐት የታወቀ ነው፤ ጸሐፊው አጭር ታሪኩን መስመሩን አራርቆ ይተይባል፣ በመጀመሪያው ገጽ ጥግ የቃላቱን ብዛት ይጽፋል፣ በድረ ገጽ በኩል ይልካል፤ መልስ እስኪያገኝ ድረስም ያንኑ ሥራ ለሌላ እንዳይሰጥ ብዙዎቹ መጽሔቶች ይከለክሉታል። በዘርፉ የሙያ ደረጃ ተብሎ የሚታወቀው ክፍያ ለአንድ ቃል ቢያንስ 8 የአሜሪካ ሳንቲም በመሆኑ፣ የ4,000 ቃላት ታሪክ ከተወደደ 320 ዶላር ያስገኛል።

ከሰላ ድንጋይ ወጥቶ በዚያ አገር የሚኖረው የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ አይተውት ደብረ ብርሃንን ያስቆረቆራቸው ብርሃን ዛሬ ተመልሶ ቢመጣ ምን ይሆናል የሚል ታሪክ በእንግሊዝኛ ጽፎ በቅርቡ ለአንድ መጽሔት ልኮ ነበር። ብርሃኑን አንዳንድ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። የሁለት ወር ድካም በሁለት ቀን ተመለሰ፤ ደብዳቤው ስለ ላኩልን እናመሰግናለን፣ ለእኛ አልሆነም፣ ሌላ ቦታ ይቅናዎ ከማለት ያለፈ ቃል የለውም። ያነበበው ሰው ስም አልተጻፈበትም፣ ጉድለቱ ከየት እንደ ሆነም አልተነገረበትም።

ይህ በቅኔ ቤት አጠገብ ላደገ ሰው የሚዋጥ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ያደረውን ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ከቅኔ ሁሉ አጭሩን፣ ይዞ ከየኔታ ፊት ሲቆም ፍርዱን እዚያው ይሰማል። ሰሙ ወርቁን አልሸከም ካለ ይነገረዋል፤ ቤቱ ካልመታ ይታረምለታል፤ አንዲት ቃል ብቻ ከቦታዋ ተነሥታ ሌላ ስትተካ ሲያደናቅፈው ያደረው ሁሉ ይቃናል። የሠመረለት ዕለት ደግሞ የጉባኤው ሰው «ይበል!» ይለዋል። በዚያ ደጅ የተጣለ ቅኔ እንኳ የተጣለበት ምክንያት አለው፣ የጣለውም ሰው ፊቱ ይታያል።

ነገር ግን ቅኔ ቤትን ከመጽሔት ጋር ማነጻጸር ሚዛኑን ማዛባት እንደ ሆነ መቀበል ይገባል። የታደሰ ሊበን «መስከረም» በ1949 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ብዙ ርቀት ቢጓዝም፣ በአገር ቤት ጀማሪ ደራሲ ረቂቁን በእጁ ይዞ ሰው ለሚያውቅ ሰው ሰጥቶ ወራት የሚጠብቅበትና «አይሆንም» የሚለውን ቃል እንኳ ሳይሰማ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በባዕድ አገር ግን የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አዲስ አበባ የተወለደችው መሮን ሐደሮ «ዘ ስትሪት ስዊፕ» የተባለውን አጭር ታሪኳን ያሳተመችው ዚዚቫ በተባለ የሳን ፍራንሲስኮ መጽሔት ሲሆን፣ በዚያው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2021 የአፍሪካ አጭር ልብ ወለድ የሚሸለምበትን የኬን ሽልማት ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ ሆና አግኝታለች።

መጽሔቶቹ ጉድለቱን ሳይነግሩ መመለሳቸውም ምክንያት አለው። ክላርክስወርልድ የተባለው የዘርፉ ስመ ጥር መጽሔት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ ታሪኮች በመቶዎች ሲጎርፉበት በሩን ለጊዜው ዘግቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጎርፍ መካከል ለእያንዳንዱ ላኪ እንደ የኔታ ቃል በቃል አርሞ መመለስ ለጥቂት አርታዒዎች የሚቻል አይደለም፤ የሁለት ቀኑ መልስም ቢመርም ታሪኩን በዚያው ምሽት ለሌላ ለመላክ ነጻ የሚያወጣ በመሆኑ፣ ከወራት ጥበቃ ይልቅ ቸርነት አለበት ለማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ አንድ መስመር እርማት ቢጨመርበት ምን ነበረበት የሚለው ቅሬታ ከልብ ባይወጣም።

በዚያው ምሽት ግን ታሪኩ አልተላከም። አዘጋጁ ወደ አማርኛ እየመለሰ ሰላ ድንጋይ ላሉት አጎቱ በስልክ አነበበላቸው፤ እርሳቸውም እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ፣ በታሪኩ ውስጥ ብርሃኑን ያዩት ሹማምንትና ምሁራን ብቻ መሆናቸው ከንክኗቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ያን ሌሊት ከብት የሚጠብቅ አልነበረም እንዴ?» አሉት። እረኛው ገባ፣ ታሪኩም በ300 ቃላት ረዘመ፤ በሳምንቱ የተላከበት ሌላ መጽሔት ድረ ገጽ አሁን በወረፋው 412ኛ መሆኑን ያሳያል።