በላዩ የቀዳሁበት

የእጅጋየሁ ሽባባው «ጂጂ» የተሰኘው አልበም እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር። ሲዲውን አንድ የሥራ ጓደኛዬ አዋሰኝ። የእኔ መኪና ግን የምታጫውተው ካሴት ብቻ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ባዶ ካሴት ፈለግሁ፤ የለም። መሳቢያ ውስጥ የነበረው እናቴ ከዳንግላ ድምጿን ቀድታ በሰው እጅ የላከችልኝ ነው።

ሳላየው ነው ብል ውሸት ይሆናል። የእህቴ የእጅ ጽሑፍ ላዩ ላይ አለ። አንዴ ሰምቼዋለሁ፦ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ፣ ዝናቡ እንደዘገየ፣ ሰላምታው ማለቂያ የለውም። ሌላ ትልክልኛለች አልኩና ቀዳሁበት።

አልበሙን በመውደዴ አልጸጸትም፤ ዛሬም እወደዋለሁ። ያዘጋጀው ቢል ላስዌል ነው፤ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮህ ሳንደርስ ተጫውተውበታል። ጓደኞቼ የሚኩራሩት በእነዚህ ስሞች ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ድምጿ ነው። ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት፤ ቻግኒ ለዳንግላ ቅርብ ነው። ልጅ ሳለች ቤታቸው ውስጥ ከአንድ ቄስ ዜማ ተምራለች። ሳክስፎኑና ቤዙ ከሥር ምንም ቢሉ፣ እሷ ድምጿን ስትስብ የምሰማው የአገሬን ሴቶች ነው፤ እህል ሲያበጥሩ፣ ልጅ ሲያባብሉ፣ ለቅሶ ላይ ሲያወርዱ። የእናቴን ድምፅ የምትመስል ሴት አገኘሁ ብዬ ለተሳፋሪ ሁሉ አወራ ነበር። በምን ላይ ቀድቼ እንደምሰማት ግን አልናገርም።

«ዓድዋ» ሲመጣማ አንዳንዴ መኪናዬን ዳር አስይዤ አለቅሳለሁ። የዛሬውን ነፃነት በሞታቸው የገዙትን የምታመሰግንበት ዘፈን ነው። በ1888 ለወደቁት እንባ ነበረኝ፤ ላም ሸጣ አውሮፕላን ላይ ላሳፈረችኝ ሴት ግን የስልክ ካርድ መግዛት ይከብደኝ ነበር። ናፍቆቱን ዘፈኑ ላይ ስለምጨርሰው፣ ማታ ቤት ስገባ የደወልኩ ያህል ቀልሎኝ እተኛለሁ። በዚህ ረገድ ሙዚቃ እንዴት ያለ ምቹ መሸሸጊያ እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም፤ ቢነግረኝም አልሰማም።

የእናቴ ወሬ ከአልበሙ ይረዝማል። ስለዚህ በካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ዘፈኑ ሲያልቅ፣ ከዓረፍተ ነገር መሀል ጀምራ ትመጣለች፦ «...ብርዱስ እንዴት ነው? ደርበህ ልበስ።» ከዚያ ምርቃቷ ይቀጥላል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ዘፈን ለመመለስ ቸኩዬ ካሴቱን እገለብጠዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ላስዌል እነዚያኑ ዘፈኖች መልሶ አቀናበራቸው፤ የጂጂን ድምፅ አብዛኛውን አውጥቶ፣ እዚህም እዚያም ማሚቶውን ብቻ ትቶ፣ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ አወጣው። ያደነቁት ብዙ ናቸው። እኔ እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። ላስዌል ሲያወጣ ዋናው ቅጂ በእጁ ነበር።

እናቴ ሌላ ካሴት አልላከችም። እንድትልክ አልጠየቅኳትም፤ መልስ ያልሰጡት ሰው ደግሞ ስንት ጊዜ ይናገራል? መርዶዋን የሰማሁ ሰሞን እህቴ ደወለችና ልጆቿ የአያታቸውን ድምፅ እንዲያውቁ ካሴቱን ጠየቀችኝ። ቤት ስቀይር ጠፋብኝ አልኳት። «አይዞህ፣ ምን ታደርግ» አለችኝ። ያጽናናችው እኔን ነው።

እህት ዓለም፣ አልጠፋም። ዘፈን ቀድቼበት ነው። የቀረውን በሲዲ አስገልብጬ ልኬልሻለሁ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሙዚቃ ይሰማል፤ ልጆቹ ምንድን ነው ብለው ከጠየቁሽ፣ አጎታችሁ የሠራው ነው በያቸው።