ኑግና ሜጭ

ሰው ዘመዱን የሚያውቀው አንድም በዓይኑ አይቶ፥ አንድም ከአባቱ ሰምቶ ነው። እኔ ግን አባቴ የነገሩኝን ንቄ፥ በዓይኔም ሳላስተውል ቀርቼ፥ ከብዙ ዘመን በኋላ ከመጽሐፍ ተማርሁ።

የአባቴ እርሻ ከነቀምቴ ከተማ ወጣ ብሎ ይገኝ ነበር። በክረምት ኑግ ስናርም ሜጭ፥ በኦሮምኛ ቱፎ የሚባለው አረም፥ ከኑጉ ጋር ተመሳስሎ ይበቅላል። አባቴም «ልጄ፥ እያየህ ንቀል፤ ይህ የኑግ ወንድም ነው፤ ካላስተዋልህ ወንድሙን ትተህ እርሱን ትነቅላለህ» ይሉኝ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የ2ኛ ደረጃ ተማሪ ስለ ነበርሁ፥ «አባባ፥ አረም የእህል ወንድም ሊሆን አይችልም» ብዬ ሳቅሁባቸው። እርሳቸውም ምንም ሳይመልሱ ጎንበስ ብለው ማረማቸውን ቀጠሉ።

ትምህርቴን ፈጽሜ የመንግሥት ሥራ ያዝሁ፤ አባቴም ዐረፉ። ከዕለታት አንድ ቀን፥ የአገራችንና የውጭ አገር ሊቃውንት በ8 ቅጽ አዘጋጅተው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የፈጸሙትን፥ ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፀዋት የሚናገረውን መጽሐፍ ስመለከት፥ ኑግና ሜጭ ጊዞቲያ በሚባል በአንድ ወገን ሥር ተጽፈው አገኘሁ። ይህን ስም በ1829 ካሲኒ የተባለ ፈረንሳዊ የዕፀዋት ሊቅ ያወጣው፥ የታሪክ ጸሐፊ ለነበረው ለአገሩ ሰው ለጊዞ ክብር ነው። በ1974 በወጣ ጥናት ወገኑ 6 ዝርያዎች ሲኖሩት፥ ከእነዚሁ 5ቱ በኢትዮጵያ ይበቅላሉ። ከዚህም አልፎ፥ የጥንት ገበሬዎቻችን ኑግን ያስገኙት ከሜጭ እየመረጡ ሳይሆን አይቀርም ሲሉ ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲያስ ሜጭ የኑግ ወንድም ብቻ ሳይሆን አባቱም ሊሆን ነው!

ወገኑ ደግሞ አስቴራሴ በሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ይገባል። ዐደይ አበባም፥ ጋን የሚታጠብበት መራራው ግራዋም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የዝምድናቸው ምልክት አበባቸው ነው፤ ለዓይን አንድ መስሎ ይታያል እንጂ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ማኅበር ነው። የኑግን አበባ ገንጥሎ ለተመለከተ፥ በዳር የተዘረጉት ቢጫዎች፥ ብዙ ጊዜ 8 የሚሆኑት፥ እያንዳንዳቸው ራሱን የቻለ አበባ ናቸው፤ በመካከል የታጨቁትም እንደዚሁ ናቸው።

አባቴ የላቲን ስም አያውቁም ነበር። ነገር ግን ሊቃውንት በብዙ ድካም የደረሱበትን ዝምድና እጃቸው በማረም ብዛት ዐውቆት ነበር። «እውነትዎን ነበር» ለማለት ጊዜው አልፎብኛል።

ስለዚህ ዛሬ በዕረፍት ቀኔ ወደ እናቴ ዘንድ እየሄድሁ፥ የየተክሉን ስም በኦሮምኛና በአማርኛ እየጠየቅሁ፥ ከጎኑም የመጽሐፉን ስም እያኖርሁ እጽፋለሁ። ተማሪ ወንድሜና እኅቴ ሆይ፥ እናንተም ሽማግሌው የነገራችሁ ነገር ከደብተራችሁ ጋር ባይስማማ፥ ከመሳቃችሁ በፊት ጻፉት።