ተከዜ ላይ የቆመ ጣት

ከጎንደር ወደ አክሱም የመሄድ እቅዴ እስከ ዛሬ በካርታ ላይ የጣት ጉዞ ሆኖ ቆይቷል። ደባርቅ አድራለሁ፤ ስሜንን በማለዳ አያለሁ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደል ተፈልፍሎ በተሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል እወርዳለሁ። ደጋው በሰዓታት ቆላ ይሆናል። ዛሪማ፣ አዲ አርቃይ፣ ማይ ጠብሪ... ተከዜ ላይ ጣቴ ይቆማል።

ቀዳማዊ አጼ ኢያሱ ሥርዓተ ንግሣቸውን ለመፈጸም እ.ኤ.አ. በ1693 ከጎንደር አክሱም ዘልቀዋል። እኛ ግን በ2013 ዓ.ም. በዚህ ወንዝ ላይ የነበረው ድልድይ በጦርነት ሲፈርስ አየን።

ድልድይስ በብረትና በሲሚንቶ ይጠገናል። እኔን የሚያሳስበኝ ማዶው ነው። ተሻግሬ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ስል፣ «ቤት ለእንግዳ» የሚለኝ ድምፅ ይኖር ይሆን? እቅዴን አጥፌ ያላስቀመጥሁት ያን ድምፅ ተስፋ በማድረግ ነው።